የሞተር ጎማን ቤት ውስጥ መለካትና መንፋት፦ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ጅማ

ግንቦት መጨረሻ

ሞተሩ ቦክሰር ነው፣ ባለ 150 ሲሲ። የፊት ጎማው 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17። ሁለቱም በካላማዳሪ የሚሠሩ ናቸው። ቸርኬያቸው ባለ ሽቦ ነው። ሥራዬ በሰቃና በማና በኩል ያሉ ቀበሌዎችን መዞር ስለሆነ መንገዴ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ፒስታ ነው። ክረምት ሲመጣ ፒስታው ጭቃ ይሆናል። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ለመውጣትም አይቸኩልም።

ይህን ማስታወሻ ያስጀመረኝ የኋላ ጎማው አበላል ነው። መሀሉ ላይ ጥርሱ ገና አለ። ግራና ቀኝ ጠርዙ ግን ተልጓል። እንዲህ የሚበላው በቂ ንፋስ ሳይኖረው ብዙ የተነዳ ጎማ ነው። ንፋስ ሲያንስ መሀሉ ይሰጥና ጭነቱን ጠርዙ ይሸከማል። ንፋስ ሲበዛ ደግሞ መሬት የሚነካው መሀሉ ብቻ ስለሚሆን መሀሉ ቀድሞ ያልቃል።

እስከ አሁን ንፋስ የማስሞላው መንገድ ላይ ባገኘሁት ጎሚስታ ነው። ኮምፕሬሰሩ ለጭነት መኪና የሚሆን ትልቅ ነው። ልጁ ቱቦውን ይሰካል፣ ትንሽ ይቆያል፣ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ "በቂ ነው" ይላል። ስንት እንደገባ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ቤት ከመጣሁ በኋላ ራሴ በጣት እየተጫንኩ ሞከርኩት። የሞተር ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ 20 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ያለውም 30 ያለውም ለጣት አንድ ዓይነት ነው። ጣት "ጨርሶ ተንፍሷል" ሊል ይችላል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም።

ስለዚህ ሐሳቡ ይህ ነው። የራሴ መለኪያ፣ የራሴ ፓምፕ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እዚሁ በረንዳ ላይ መለካት። የኋላው ጎማ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚተነፍስም ማወቅ።

ቁጥሩን መፈለግ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ቁጥር ነው። በእኔ ሞተር የካቴና መሸፈኛው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሳነሳው ይነበባል። የፊት 25 ፒኤስአይ፤ የኋላ ብቻዬን ስሆን 28፣ ሰው ስጭን 32።

ጎማው ጎን ላይም ቁጥር አለ፣ እሱ ግን ከዚህ በጣም ይበልጣል። ብዙ ሰው እሱን ነው የሚያስሞላው። ያ ቁጥር ጎማው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሊይዝ የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። የጎማው ፋብሪካ ጎማውን የትኛው ሞተር ላይ እንደምንገጥመው አያውቅም። ስንት መሞላት እንዳለበት የሚናገረው የሞተሩ ፋብሪካ ነው። ወረቀቱ ከተላጠ የሞተሩ መመሪያ ደብተር ላይ ይገኛል።

መለኪያዎቹ የተለያየ ቋንቋ ስለሚናገሩ ይህን ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፦ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። 100 ኪሎ ፓስካል እና 1 ባር አንድ ናቸው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ የሚለው 14.2 ፒኤስአይ ነው። አንዳንዱ ጎሚስታ "ሁለት ልሙላልህ?" ሲል ባር ማለቱ ነው። ሁለት ባር 29 ፒኤስአይ ስለሆነ ለኋላ ጎማዬ ብቻዬን ስሆን ይስማማል። ለፊቱ ግን ይበዛል።

ሰኔ መግቢያ፦ መለኪያ

መርካቶ ወርጄ ሦስት ዓይነት አየሁ። አንደኛው እንደ እስክሪብቶ ቀጭን ሆኖ ከኋላው ቁጥር ያለው ዘንግ የሚገፋ ነው። ሁለተኛው ክብ ነው፣ በመርፌ የሚያሳይ፣ አጭር ቱቦ ያለው። ሦስተኛው ዲጂታል ነው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። ባለ መርፌውን በ650 ብር ገዛሁ። የዘንጉ 200 ብር ስለነበር ለማወዳደር እሱንም ያዝኩት። ዲጂታሉን ከአንድ ጓደኛዬ ተዋስኩ።

ሦስቱን በአንድ ጎማ ላይ፣ በአንድ ጠዋት፣ ተራ በተራ ሰካኋቸው። ባለ መርፌው 23፣ ዲጂታሉ 23.5፣ የዘንጉ 27 አለ። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ደገምኩት፣ ምክንያቱም በተለካ ቁጥር ትንሽ ንፋስ ይወጣል። የሞተር ካላማዳሪ ትንሽ ስለሆነ ያቺ ትንሽ ንፋስ ትታወቃለች። የዘንጉ አሁንም ከሌሎቹ በ4 ያህል ይበልጣል። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ሰውየው 28 አለኝ ብሎ በ24 ይነዳል፣ ጎማው ተሞልቷል ብሎም አይጠራጠርም።

ከዚህ የያዝኩት ነገር፦ መለኪያ ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሦስት ናሙናዎች በአንድ ጎማ ላይ ሞክሩ። ባለ ሱቁ የራሱ ሞተር ወይም በር ላይ የቆመ ባጃጅ አይጠፋም። መርፌው ሳይሰካ ዜሮ ላይ የማይቆም ከሆነ አይወሰድ። ከተገዛ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ መጠቀም ነው። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው የሚለካ ሰው የጎማውን ለውጥ ከመለኪያው ልዩነት መለየት አይችልም።

አለካኩም ራሱ እጅ ይፈልጋል። የመለኪያውን አፍ ወደ ቫልቩ፣ ማለትም ወደ ንፋስ መግቢያው፣ ቀጥ አድርጎ አንዴ በጥብቅ መግፋት ነው። የ"ሽሽሽ" ድምፅ ከቀጠለ አፉ ዘሟል፣ የሚነበበውም ቁጥር ውሸት ነው። ነቅሎ እንደገና መሰካት።

ስለ ከፍታ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ጅማ ደጋ ስለሆነ ከተጻፈው መቀነስ አለበት" አለኝ። ነገሩን አሰብኩበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት 12 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 14.7 ነው። መለኪያችን የሚያሳየው ግን በጎማው ውስጥና በውጭው መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ጎማውን የሚወጥረውም ይኸው ልዩነት ነው። ስለዚህ እዚህ የተለካ 28 እዚህ 28 ነው፣ የሚቀነስ ነገር የለም።

ለውጥ የሚኖረው አንድ ቦታ ሞልቶ ሌላ ከፍታ ላይ ሲነዳ ነው። ከጅማ ተነስቶ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርድ ሰው በከፍታው ምክንያት ከመለኪያው ላይ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንስበታል። የበረሃው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይጨምርለታል። ለዚህ ብሎ መንገድ ላይ ቆሞ መሙላትም መቀነስም አያስፈልግም።

ሰኔ አጋማሽ፦ ቀዝቃዛና ትኩስ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ የኋላውን 28 አድርጌ ወጣሁ። ከሰቃ ስመለስ ወዲያው ስለካው 31 አለ። ማንም አልነፋውም። ጎማው ሲሽከረከር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይሞቃል። ውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይሞቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መለኪያው 28 ሲል የውጩን 12 ስንጨምርበት እውነተኛው ግፊት 40 ይሆናል። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ ይህ 40 በ1.4 ያህል ይለወጣል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነዳ ራሱ፣ ፀሐይ ባለበት ከሰዓት 28 የተሞላ ጎማ በ15 ዲግሪ በቀዘቀዘ ማለዳ 26 ሆኖ ይገኛል። ሰውየው "ቀዳዳ አለው" ብሎ ካላማዳሪ ያስፈታል። ቀዳዳ የለውም፣ በርዶ ነው።

ፋብሪካው የጻፈው 25፣ 28፣ 32 ሁሉ ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ የቆመ ነው። ይህን ጎሚስታ ጋ ማግኘት አይቻልም፣ ምክንያቱም እሱ ጋ የሚደረሰው ተነድቶ ነው። ቤት ውስጥ መለካት የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያት ለእኔ ይህ ነው። ገንዘብ መቆጠብ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በዚያው ሳምንት መለኪያ ያላቸው አንድ ትልቅ ሰው ጎሚስታ ጋ ቆሜ ነበር። ለኩልኝና ሊቀንሱልኝ ቫልቩን ያዙ።

"ልጄ፣ 31 ይላል እኮ። 28 ነው ያልከኝ።"

"አዎ ጋሼ፣ ግን አሁን ከመንገድ መግባቴ ነው። ሞቆ ነው የጨመረው። አሁን ከቀነሱልኝ ነገ ጠዋት 25 ሆኖ አገኘዋለሁ።"

መዳፋቸውን ጎማው ላይ አሳረፉ። "እውነትህን ነው፣ ትኩስ ነው" አሉና ቫልቩን ለቀቁት። ሳልከፍል ሸኙኝ።

ሰኔ መጨረሻ፦ ፓምፕ

የጎረቤት ልጅ የብስክሌት ፓምፕ አለው። ብስክሌቱ የድሮ ዓይነት ቫልቭ ስላለው የፓምፑ አፍ ከሞተሩ ጋር አልገጠመም። የሞተር፣ የባጃጅና የመኪና ቫልቭ ግን አንድ ነው። ሽሬደር የሚባለው ነው፣ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ያለ። ስለዚህ ለመኪና የተሠራ ፓምፕ ሁሉ ለሞተር ይሆናል።

የጓደኛዬን ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ሞከርኩ። ከመኪናው ሶኬት ሲሰካ በፍጥነት ይሞላል፣ ይጮሃል። ከሞተር ባትሪ ጋር ማገናኘት ግን አይመከርም። እንዲህ ያሉት ኮምፕሬሰሮች 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባሉ። የሞተር ባትሪ ትንሽ ነው፣ ፊውዙም ይህን አይችልም። ሌላው አማራጭ በቻርጅ የሚሠራው ትንሹ ዲጂታል ፓምፕ ነው። ቁጥሩን ሲነግሩት እዚያ ደርሶ ራሱ ይቆማል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ከ4,000 ብር በላይ ጠየቁኝ። መብራት በጠፋበት ሳምንት ደግሞ ቻርጅ የሌለው ፓምፕ ሳጥን ውስጥ ከመቀመጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

የእግር ፓምፕ በ1,400 ብር ገዛሁ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር። ለሁለት የሞተር ጎማ በቂ ነው። ችግሮቹን በተራ ልጻፍ።

እግር ሲረግጠው ወደ ጎን ይጋደማል። ከታች ጣውላ አስገብቼ በአራት ቡሎን አሰርኩት። አሁን በአንድ እግር ጣውላውን ይዤ በሌላው እረግጣለሁ፣ አይነቃነቅም።

ላዩ ላይ ያለው ጌጅ አይታመንም። በተረገጠ ቁጥር መርፌው ይዘላል። ቆሞም ከእኔ መለኪያ በ3 ይበልጣል። "ቀርቧል" ለማለት ብቻ ነው የምጠቀምበት።

አፉ የሚታጠፍ ጆሮ ያለው ነው። ጆሮው ሲነሳ "ጭስ" የሚለው ንፋስ አብዛኛው ከቱቦው ነው፣ ትንሹ ግን ከጎማው ነው። ፈጠን ብሎ ቀጥ አድርጎ መንቀል ያስፈልጋል። በመጠምዘዝ የሚገባው ዓይነት አፍ ከዚህ ይብሳል፣ እየተፈታ ሳለ ንፋሱ ይወጣል።

ስለዚህ የደረስኩበት መንገድ ይህ ነው። ከሚፈለገው በ2 አስበልጦ መንፋት። ፓምፑን ነቅሎ ትንሽ መጠበቅ፣ ምክንያቱም አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሲሊንደሩን በእጅ ቢነኩት ያስታውቃል። ከዚያ በራስ መለኪያ እየለኩ የቫልቩን መርፌ በጥፍር ወይም በጠባብ ካቻቢቴ ነካ ነካ በማድረግ ወደ ቁጥሩ መውረድ። ከታች ወደ ላይ እየነፉ ቁጥሩን ልክ መምታት አድካሚ ነው። ከላይ ወደ ታች መውረድ ቀላል ነው።

ሐምሌ መግቢያ፦ የኋላው ለምን ይተነፍሳል?

የፊቱ በሳምንት ውስጥ ለውጡ የማይነበብ ነው። የኋላው ግን በየሁለት ቀኑ 2 እና 3 ፒኤስአይ ይጥላል። ካላማዳሪ ደህና ሆኖም በጊዜ ብዛት ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ቡቲል ከሚባለው ጎማ የተሠራው በወር 1 ወይም 2 ያህል ነው የሚያጣው። በተፈጥሮ ጎማ የተሠራው ከዚያ በጣም ይፈጥናል። በየሁለት ቀኑ 3 ግን የሆነ ቦታ መውጫ አለው ማለት ነው።

ከቫልቩ ጀመርኩ። ትንሽ ላርጎ በውሃ በጥብጬ በሲሪንጅ የቫልቩን አፍ ሞላሁት። ሞተሩ በስታንድ ቆሟል፣ ቫልቩ ወደ ላይ እንዲያይ ጎማውን አዙሬዋለሁ። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከመርፌዋ ጎን አንዲት አረፋ ተነሳች። ቀስ እያለች አብጣ የምስር ፍሬ አከለች፣ ፈነዳች፣ ከዚያው ቦታ ሌላ ተከተለች።

የቫልቩ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል። ክዳን ጌጥ አይደለም። መርፌዋ የምትዘጋው በቀጭን ጎማ ነው። እዚያ ላይ አንዲት የጭቃ ቅንጣት ካረፈች በደንብ አትዘጋም። በእኛ መንገድ ደግሞ ጭቃው ወደ ቸርኬው መሀል የማይደርስበት ቀን የለም። መርፌዋ የምትፈታው አፉ በተሰነጠቀ ትንሽ መፍቻ ነው። አንዳንድ የብረት ክዳን ጫፉ ለዚሁ ተሰንጥቆ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ክዳን ሁለት በ60 ብር፣ አዲስ መርፌ በ40 ብር ገዛሁ።

አሮጌዋን ስፈታት ጎማዋ ላይ ቀይ አፈር ተጣብቋል፣ በአንድ በኩልም ተቆርሷል። ቫልቩን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ አዲሷን አስገባሁ። ስትጠብቅ ኃይል አያስፈልግም። በጣት ኃይል ከቆመች በኋላ ትንሽ ብቻ ነው የሚጨመረው። መልሼ በላርጎ ሞከርኳት። አረፋ የለም።

ዘመም ያለ ቫልቭ

ጎማውን ሳዞር ሌላ ነገር አየሁ። የኋላው ቫልቭ ቀጥ ብሎ ወደ ቸርኬው መሀል ማየት ሲገባው ወደ አንድ ጎን ዘሟል።

ይህ የንፋስ ማነስ ፊርማ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬውን አጥብቆ አይዝም። ፍሬን ሲያዝ ወይም ጋዝ ሲሰጥ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ካላማዳሪውንም አብሮ ይጎትተዋል። ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ስለተያዘ መሄድ አይችልም። በዚህ መሀል ቫልቩ ከካላማዳሪው ጋር የተጣበቀበት ሥር ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። እዚያ የተቀደደ ካላማዳሪ አይለጠፍም። ንፋሱ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፣ የኋላ ጎማ ላይ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ይዋልላል።

ቫልቩ ላይ ያለችውን ቀጭን ዳዶም ብዙ ሰው ወደ ቸርኬው አጥብቆ ያስራታል። ላላ አድርጎ ወደ ክዳኑ በኩል መመለስ ይሻላል። የታሰረ ቫልቭ ጎማው ሲንሸራተት ዘሞ አያስጠነቅቅም፣ ሥሩ ዝም ብሎ ይቀደዳል። በላላች ጊዜ ግን ዘሞ ስለሚታይ ሰው ቀድሞ ያውቃል። ይህን ለሁለት ጎረቤቶቼ አሳይቼ የሁለቱንም አላልተናል።

ሐምሌ አጋማሽ፦ የኋላውን ማውጣት

የዘመመውን ለማቃናት ጎማው መላቀቅ አለበት። እስከዚያ ከሄድኩ ውስጡንም ልየው ብዬ ሙሉ ለሙሉ አወጣሁት።

ከመፍታቴ በፊት የካቴና ማስተካከያው የቆመበትን መስመር በሁለቱም በኩል ምልክት አደረግሁ። ያለዚያ ሲመለስ ጎማው ይጣመማል። ጎማው ላይም ከቫልቩ ፊት ለፊት በጠመኔ ነጥብ አኖርኩ። ይህች ነጥብ በኋላ ጠቀመች።

ከዚያ የፍሬኑ ዘንግ፣ የፔርኖው ዳዶ፣ ካቴናው። ንፋሱን ጨርሼ አወጣሁና የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በእግሬ እየረገጥኩ አላቀቅኩት። የጎማ መፍቻ ብረት ሁለት በ500 ብር ነው የገዛሁት። በካቻቢቴ መሞከር ካላማዳሪ መብሳት ነው፣ ጫፉ ስለት አለው። ሚስጥሩ ብረቱ ላይ አይደለም፣ በተቃራኒው በኩል ነው። የሚነሳው ጠርዝ ቦታ እንዲያገኝ ከፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሀል ጎድጓዳ ውስጥ መውረድ አለበት። እዚያ በጉልበት ተጭኖ ከተያዘ ብረቱ ሳይታገል ይመጣል። እየታገለ ከሆነ ጠርዙ ከጎድጓዳው ወጥቷል።

ካላማዳሪውን ነፍቼ ሳፋ ውሃ ውስጥ አዞርኩት። ከአሮጌ ልጥፍ አጠገብ ቀጭን የአረፋ መስመር ወጣ። የቫልቩ መርፌ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ካላማዳሪውን በጠመኔው ነጥብ ልክ ጎማው ላይ ሳስተኛው ቀዳዳው የሚያመለክተውን ቦታ አገኘሁ። በዓይን ምንም አይታይም። ጥጥ ይዤ ውስጡን ቀስ ብዬ ሳሸው ጥጡ አንድ ቦታ ተያዘ። ከፀጉር ብዙ የማይወፍር ሽቦ ነው፣ ከመኪና ጎማ ተበጣጥሶ አስፋልት ላይ የሚቀረው ዓይነት። በፒንሳ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው የተሳበው። ይህ ሳይነቀል ቢለጠፍ ኖሮ በማግስቱ እዚያው ይበሳ ነበር። "ትናንት ለጥፌ ዛሬ ተነፈሰ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ልጥፉ ላይ ይሳበባል፣ እሾሁ ወይም ሽቦው ግን ጎማው ውስጥ ነው ያለው።

ልጥፍ ላይ ልጥፍ ስለበዛ፣ የቫልቩ ሥርም የመሰንጠቅ ምልክት ስላሳየ አዲስ ካላማዳሪ ገዛሁ፣ 550 ብር፣ ቡቲል የሚል የተጻፈበት። አሮጌውን ግን ለልምምድ ለጠፍኩት። በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀባል፣ ብልጭታው ጠፍቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ልጥፉ ተጭኖ ይያዛል። ጎሚስታ ጋ የሚቸኮለው መጠበቁ ላይ ነው። ማስቲሽ እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ነገር አይቆይም። ይህን ካላማዳሪ አጥፌ ከፓምፑ ጋር በመጠባበቂያነት አስቀምጬዋለሁ።

ሲገጠም የቸርኬው ፋሻ የሽቦዎቹን ጭንቅላት መሸፈኑን አየሁ። ፋሻው ከሄደ ካላማዳሪው ከውስጥ ይበሳል። ካላማዳሪውን የሕፃን ፓውደር አልብሼ፣ ቅርጹን ብቻ እንዲይዝ ትንሽ ንፋስ ሰጥቼ አስገባሁት። ከተገጠመ በኋላ ጠርዙን በላርጎ ውሃ አርሼ ከ32 ትንሽ አስበልጬ ነፋሁ። ጎማው ጎን ላይ ከቸርኬው ጋር ትይዩ የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ዙሪያውን እኩል ርቀት ላይ ከሆነች ጠርዙ በትክክል ተቀምጧል። ከዚያ ንፋሱን ጨርሼ አወጣሁ፣ እንደገና ሞላሁ። ይህ ድግግሞሽ የተጨማደደውን ካላማዳሪ ይዘረጋዋል።

ቫልቩ ቀጥ ብሏል። ከሳምንት በኋላ 28 ያልኩት 28 ነው።

ሐምሌ መጨረሻ፦ ጭቃና ቁጥር

"ጭቃ ላይ ንፋስ ቀንስ፣ ይይዝልሃል" የሚለውን ብዙ ሰው ይለዋል፣ መሠረትም አለው። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋል፣ ብዙ መሬት ይነካል። የፊቱን 21፣ የኋላውን 23 አድርጌ ወደ ማና በኩል ባለው ፒስታ ሄድኩ። ለስላሳው ጭቃ ላይ የኋላው በእርግጥ ተሻለ፣ መንሸራተቱ ቀነሰ። ፒስታው ግን ጭቃ ብቻ አይደለም። ጭቃው ስር ድንጋይ አለ። አንዱ ላይ ስወጣ ቸርኬው ድንጋዩን ሲመታ እጄ ላይ ተሰማኝ።

እንዲህ ሲመታ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ይጨመቅና ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይወጡበታል። ልክ እባብ የነከሰው ይመስላል። ያን ቀን አልተበሳም፣ ቸርኬውም ደህና ነው። የእኔ ውሳኔ ግን ቁጥሩን አለመንካት ነው። የጭቃውን ችግር የሚፈታው የጎማው ጥርስና ፍጥነት መቀነስ ነው። ሙሉ ቀን ለስላሳ ጭቃ ላይ ብቻ የሚውል ሰው ሊያደርገው ይችላል፣ አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚሞላበት ፓምፕ ከያዘ።

ነሐሴ፦ ጭነት

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ፣ ስንመለስ ደግሞ ዘንቢል ይጨመራል። 28 ሆኖ ሰው ሲጭን የኋላው ጎማ ጎን ወደ ውጭ ሲነፋ በዓይን ይታያል። ረቡዕ ማታ 32 ማድረግ፣ ዓርብ ጠዋት ወደ 28 መመለስ ልማድ ሆኗል። 32 ላይ ብቻዬን ስነዳ ኮብልስቶን ላይ የኋላው ይዘላል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ ይለቅቃል። ስለዚህ "አንዴ 32 ሞልቶ መተው" የሚለውን አልወደድኩትም። በፓምፑ 4 ፒኤስአይ መጨመር ሻይ እስኪፈላ አያደርስም።

እስከ አሁን የወጣው፦ መለኪያ 650፣ ለማወዳደር የገዛሁት 200፣ ፓምፕ 1,400፣ መርፌና ክዳን 100፣ የጎማ መፍቻ 500፣ ካላማዳሪ 550፣ ማስቲሽና ልጥፍ 150። በአጠቃላይ 3,550 ብር። በየጊዜው ለንፋስና ለማስለጠፍ ከምከፍለው ጋር ሳነጻጽረው ቶሎ አይመለስም። ነገር ግን አንድ የኋላ ጎማ ያለ ጊዜው ከሚበላ ይህ ይረክሳል። ጎሚስታም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የጎማ ጎን ከተቀደደ ወይም ቸርኬ ከተጣመመ እሱ ጋ ነው የሚኬደው።

መስከረም

ዝናቡ አልቆመም፣ ግን ቀንሷል። ማለዳው ገና ለዘብ ያለ ነው። ከኅዳር በኋላ ሌሊቱ ሲበርድ ሁለቱም ጎማ ላይ ከ1 እስከ 2 መጨመር ሊያስፈልግ ስለሚችል በዚያ ሰሞን በሳምንት ሁለቴ እለካለሁ።

በግቢያችን የሚያድር ባጃጅ አለ። ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት መለኪያውን ይዋሰኛል። ሦስቱን ጎማ መጀመሪያ ሲለካ ሁለቱ የኋላ ጎማዎቹ በመካከላቸው የ7 ልዩነት ነበራቸው። መሪው ለምን ወደ ግራ እንደሚስበው ያኔ ገባው። አሁን እኩል ናቸው። ፓምፕም የራሱን ሊገዛ ነው።

የቀረው ሥራ የኋላው ጎማ ራሱ ነው። በጥርሶቹ መሀል ካሉት ትናንሽ ጉብታዎች ጋር ጠርዙ እኩል ሆኗል። እነሱ ላይ ሲደረስ ጎማው አብቅቷል ማለት ነው፣ ንፋስ አያድነውም። ሦስት ሱቅ ጠይቄአለሁ። አንዱ በጣም ረከሰ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ሳየው 2317 ይላል። በ2017 የፈረንጅ ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማ በመደርደሪያ ላይም ይደርቃል፣ ጎኑን ሳጥፈው ቀጫጭን ስንጥቅ ይታያል። ተውኩት። ሌላው ሱቅ የቅርብ ዓመት ምርት አለኝ ብሎ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል፣ 3,800 ብር ነው ያለው። ከመክፈሌ በፊት ቁጥሩን አነባለሁ፣ ከዚያ ያንኑ አዲስ ካላማዳሪ መልሼ አስገባለሁ፣ 28።